በሞቀ ውሃ ውስጥ የተውሽው ቱቦ

ውድ እህቴ ማዕዶት፣

እንደምን ሰነበትሽ? ከስዊድን የላክሽውን የበረዶ ፎቶ እማዬ ለቤተ ክርስቲያናችን ሰው ሁሉ አሳይታ ጨረሰች። ትናንት ስትደውዪ «ፋናዬ፣ አንድ ነው ሁለት?» ብለሽ ስትጠይቂኝ ዓይኔን ወደ እማዬ መለስኩ። እማዬ ስልኩን ነጥቃኝ «በልተሻል ወይ? ካፖርቱስ ይሞቃል?» ስትልሽ በልቤ ተመስገን አልኩ። መናገር እንደማይሆንልኝ ታውቂያለሽ። ስለዚህ እጽፍልሻለሁ።

ከመሄድሽ በፊት በነበረው ቀን ምሳሽን ይዤ መጥቼ፣ ብቻዬን በናይሮቢ ታክሲ፣ በማታቱ፣ መመለስ ፈርቼ እንደ ሁልጊዜው የዩኒቨርሲቲሽ ላብራቶሪ ጥግ ላይ ተቀምጬ ነበር። ፈሳሾቹን ቀላቅለሽ ቀጭኑን የመስታወት ቱቦ ስትሞዪ ቀጥ አድርጌ ያዝኩልሽ። ሁለቱንም ጫፍ ደፍነሽ ሞቅ ያለው ውሃ ውስጥ አስተኛሽው። «እስከ ነገ ይረጋል። እንደ ድንጋይ አንድ ወጥ ይሆናል፤ ውስጡ ግን እንደ ስፖንጅ ቀዳዳ በቀዳዳ ነው» አልሽኝ። እማዬ ይህንኑ ስትነግሪያት «ሳይማሰል የሚረጋ ገንፎ አሁን ሰማሁ!» ብላ የሳቀችብሽ ትዝ አለኝ።

ልጅ ሳለሁ ለብልሃርዝያ የሰጡኝን መራራ ኪኒን ቀሚስሽ ላይ ያስመለስኩትን አልረሳሽውም። «በዚያ ኪኒን ውስጥ መንታዎች አሉ» ያልሽኝ ቀኝ መዳፍሽን ከግራ መዳፌ ገጥመሽ ነው። «እንዲህ ይመሳሰላሉ። አንደኛው ያድናል፤ የሌላው ሥራ ማምረር ብቻ ነው ማለት ይቻላል።» ቱቦው ውስጥ እንደ ቀኝ እጅ ጓንት ያለ ነገር አለ፤ አንዱን ያዝ ሲያደርገው ሌላው ቀድሞ ያልፋል። ከተለያዩ ኮምፒውተሩ ላይ ሁለት ኮረብታ ይታያል። ካልተለያዩ አንድ። ለሕፃናት የማይመር ኪኒን ከዚያ ይጀምራል ትዪ ነበር።

ስልክሽ የጮኸው ቱቦው ውሃ ውስጥ እንዳለ ነው። ከስደተኞች ቢሮ ነበር፤ ለስዊድን በረራ በነጋታው ጠዋት ሻንጣሽን ይዘሽ ቅረቢ አሉሽ። ፋይልሽ ከእኔና ከእማዬ ፋይል ከተለየ ጀምሮ እንደሚመጣ እናውቅ ነበር፤ እንዲህ ድንገት ይመጣል ግን አላልንም። ብትቀሪ ተራሽ ይሄዳል። ብትሄጂ ደግሞ፣ ፕሮፌሰሩ በዚህ ወር ውጤት ካልታየ ሥራው ለሌላ ተማሪ ይተላለፋል ብለውሻል። አንዴ ቱቦውን፣ አንዴ እኔን አየሽ።

«አንቺ ጠብቂልኝ። ነገ ቴክኒሻኑ ኪፕሮኖ ፓምፑ ላይ ሲያስረው ቀስ በል በይው። ሌላ ምንም አታድርጊ። ከዚህ በኋላ ማንም ምንም ሊያደርግለት አይችልም።»

በነጋታው አንቺን ሸኝቼ ላብራቶሪው ስደርስ ዘበኛው እየሳቀ «ስቲማ ጠፍቶ ነበር፤ አሁን መጥቷል፤ ሃኩና ሺዳ፣ ችግር የለም» አለኝ። መብራቱ ቢመጣም ማሞቂያው በራሱ አይነሳም። እጄን ውሃው ውስጥ ከተትኩ። ቀዝቅዟል። የእጄ ሙቀት የሚበቃው ይመስል ሳላወጣው ቆየሁ።

ኪፕሮኖ መጥቶ ቱቦውን ፓምፑ ላይ ሲያስር «ፖሌ ፖሌ» አልኩት። ድምፄ ጮክ ብሎ ወጣ።

«ኦሆ! እኔ እኮ ዲዳ መስለሽኝ ነበር» ብሎ ሳቀ። ግን ሰማኝ፤ በጣም ቀስ አለ። ግፊቱ ትንሽ ትንሽ ወጣ፣ ወጣ፣ ከዚያ ባንዴ ወደቀ። ሳቁን አቆመ። «በደንብ አልረጋም። ከግድግዳው ለቋል። ፈሳሹ በጎን ነው የሚሮጠው» አለኝ። ቢሆንም የሟሟውን ኪኒን ጨመረበት፤ ሁለታችንም ኮምፒውተሩ ላይ አፈጠጥን። አንድ ኮረብታ። ደገመው። አሁንም አንድ።

«ፖሌ ሳና፣ ዳዳ፤ በጣም አዝናለሁ እህቴ። እሷ እንደገና ብትሠራው ኖሮ…» ብሎ ፓምፑን አጠፋ።

አንድ ነው፣ ማዕዶት። ሁለት ብዬ ልጽፍልሽ እንዴት ወድጄ ነበር። ሰኞ ዕለት ጠረጴዛሽ ላይ ሌላ ልጅ ተቀምጦ አየሁ።

እማዬ «ጌታ ያውቃል» ትላለች። እኔ የማይገባኝ አንድ ነገር አለ። እነዚያ ሁለቱ መንታዎች ያን ሁሉ ድካምሽን እምቢ ብለው አብረው ወጡ። እኔንና አንቺን ግን አንድ ስልክ ለየን።

ኪፕሮኖ ቱቦውን ሊጥለው ሲል ለምኜ ወሰድኩት። ከደረቀ ይሰነጠቃል ብለሽኝ ስለነበር ጫፎቹን ደፍኜ፣ ውሃ በሞላ ጠርሙስ ውስጥ አቁሜ አልጋሽ ሥር አስቀምጬዋለሁ። ጠዋት ጠዋት አየዋለሁ። ለምንም እንደማይሆን አውቃለሁ። ግን ጠብቂልኝ ያልሽኝ እሱን ብቻ ነው።

እስካሁን አልደረቀም።

እህትሽ ፋናዬ
ናይሮቢ፣ ፓርክላንድስ