የልጆቻችንን ዕድሜ ያቃኑልን የወይዘሮ ዙለይካ ባሺር ዕረፍት

ጅቡቲ ከተማ፣ ጳጉሜን 2 ቀን 2017 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 7 ቀን 2025)

ለአባሎቻችን፣ ለመምህራንና ለሆዳን ሰፈር ነዋሪዎች፦

የሆዳን ዳርቻ ሊሴ የኢትዮጵያውያን ወላጆች ማኅበር፣ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ የምዝገባ ሠራተኛ የነበሩት ወይዘሮ ዙለይካ ባሺር ባለፈው ማክሰኞ በ63 ዓመታቸው ማረፋቸውን በከባድ ሐዘን ያሳውቃል። በዚያው ዕለት ከከሰዓቱ የዐስር ሶላት በኋላ ተቀብረዋል። በትምህርት ቤቱ በር የተለጠፈው ማስታወቂያ ዕድሜያቸው 71 ነው ይላል። ስህተት ነው፤ ከየት እንደመጣ ከታች ተገልጿል።

እ.ኤ.አ. 1994፦ ሊሴው ከሰፈሩ ጫፍ፣ ፍየል ይሰማራበት በነበረ ሜዳ ላይ በአራት የቆርቆሮ ክፍሎችና በ160 ተማሪዎች ተከፈተ። አጥር አልነበረውም። ደወሉም የተንጠለጠለ የመኪና ቸርኬ ነበር። ድሬዳዋ የተወለዱት ወይዘሮ ዙለይካ ከመጀመሪያዎቹ ስድስት ሠራተኞች አንዷ ነበሩ።

እ.ኤ.አ. 2003፦ ግንቡ ተሠራ፤ ተማሪው ዘጠኝ መቶ ደረሰ። ዛሬ 1,900 ሆኖ በሁለት ፈረቃ ይማራል፤ የጠዋቱ ሳይወጣ የከሰዓቱ በር ላይ ፀሐይ ይመታዋል። ስለ ቤተ ሙከራው ባናነሳ ይሻላል። ስለ ወንበሩም ተናግረን ደክሞናል።

የሟች ዋና ሥራ ግን በማንኛውም የሥራ መዘርዝር ላይ ያልተጻፈ ነበር። ከአገር ቤት የምናመጣው የልደት ካርድ በእኛው ዘመን የተቆጠረ ነው። አስተርጓሚው ዓመቱን እንዳለ ወደ ፈረንሳይኛ ይገለብጠዋል። በ2002 ዓ.ም. የተወለደ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ በወረቀት ሃያ ሦስት ይሞላዋል፤ ዕድሜው አልፏል ተብሎም ሊሴ አይገባም። ጢም ያላበቀሉ ስንት ሽማግሌዎች ከዚያ በር እንደተመለሱ የሰፈሩ ሰው ያውቃል።

ወይዘሮ ዙለይካ እናቶቹን አንድ በአንድ አስቀምጠው፣ «የገና በዓል ሳይደርስ ነው የወለድሽው ወይስ ካለፈ?» እያሉ ይጠይቁ ነበር። ከገና በፊት ለተወለደ ሰባት፣ ከገና በኋላ ለተወለደ ስምንት በልደት ዓመቱ ላይ ደምረው ማስተካከያውን ይጽፋሉ፤ ዳይሬክተሩን ያስፈርማሉ። አባላችን ወይዘሮ ሙሉነሽ አንድ ቀን፣ «እትዬ ዙለይካ፣ ልጄ ከትዳሬ በሰባት ዓመት ይበልጣል አሉኝ» ብለው ቢያለቅሱ፣ «ታዲያ ሰርግሽ ላይ ሚዜ ነበር በያቸዋ፤ ነይ ቁጭ በይ» ማለታቸው እስከ ዛሬ ይወራል።

እ.ኤ.አ. 2014፦ ስልሳ ሞላቸው ተብለው በጡረታ ተሰናበቱ። ዕድሜያቸው ግን ሃምሳ ሁለት ነበር። በልጅነታቸው ከድሬዳዋ ሲመጡ አባታቸው የእርሳቸውን የልደት ዓመት 1954 ዓ.ም. እንዳለ አስመዝግበውት ነበር፤ ያን ጊዜ የምዝገባው መስኮት ላይ ሌላ ዙለይካ አልነበረችም። የማኅበሩ ጸሐፊ አቶ ነቢል፣ «የራስዎንስ ለምን አያስተካክሉም?» ቢሏቸው፣ «ነቢልዬ፣ የኔ ፋይል የትም አይሄድም። ልጆቹ ላይ ግን መስከረም ይመጣባቸዋል» ነበር መልሳቸው። በማግስቱ በር ላይ የራሳቸውን በርጩማ አስቀመጡ። አሥራ አንድ ዓመት ያለ ደመወዝ እዚያው ተቀመጡ። አሮጊቷ ቤቷ አላስቀምጥ ብሏት ነው እያሉ ያሟቸው ጥቂት አልነበሩም፤ ከሐሜተኞቹ አንዳንዶቹ በኋላ ልጅ ይዘው መጥተዋል።

እ.ኤ.አ. 2019፦ ጎርፍ ግቢውን ሲያጥለቀልቅ የረጠቡትን መዝገቦች ቤታቸው ወስደው በልብስ ገመድ አስጥተው አድነዋል።

ልጃቸው ሙንተሃ ከቀብር መልስ አልጋቸው ሥር አንድ ካርቶን አግኝታ አስረክባናለች። በውስጡ ዘንድሮ ሊገቡ የሚጠብቁ የአሥራ አንድ ልጆች ፋይሎች አሉ፤ አራቱ ብቻ ተስተካክለዋል። ምዝገባው የፊታችን ሐሙስ ይዘጋል። ያለ ማስተካከያ የቀሩት ሰባት ልጆች ዘንድሮ አይማሩም፤ በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ በትክክለኛው ቁጥርም ዕድሜያቸው ያልፋል።

ስሌቱ ቀላል ነው። ከባዱ በዚህ ሙቀት ተቀምጦ መጠየቁ ነው፤ ይህንንም ለአንድ ሴት ትተን ሠላሳ ዓመት መኖራችንን ማኅበሩ ያምናል። ስለዚህ የሰባቱ ልጆች እናቶች ነገ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ጀምሮ በር ላይ፣ በርጩማቸው ባለበት እንድትመጡ እንጠይቃለን። አቶ ነቢልና ወይዘሮ ሙሉነሽ ይጠብቋችኋል።

ለሙንተሃ፣ ለወንድሟ ለኒዛር፣ አብረዋቸው ለሠሩና በእርሳቸው እጅ ለተመዘገቡ ሁሉ መጽናናትን እንመኛለን። አላህ ማረፊያቸውን ያስፋላቸው።

ሐሙስ እንቁጣጣሽ መሆኑን አልዘነጋንም። ቢሆንም በዚያው ጠዋት የምዝገባ ጽሕፈት ቤቱ ሲከፈት ይዘን የምንገባው አሥራ ሁለት ፋይል ነው። አሥራ ሁለተኛው ከካርቶኑ ሥር የተገኘው የራሳቸው ነው፤ ማመልከቻው በጡረታቸው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ2014 ተጽፎ፣ ሳይፈረም የቀረ። ለሟች ዕድሜ ማስተካከል ምን እንደሚጠቅም መስኮቱ ላይ መጠየቃችን አይቀርም። ልጆቹ ከተመዘገቡ በኋላ፣ ከሰልፉ መጨረሻ ላይ ሆነን እንመልሳለን።

የሆዳን ዳርቻ ሊሴ የኢትዮጵያውያን ወላጆች ማኅበር