ግዝቱን ቄሱ ፈቱት

ከማንኩሳ ወዲያ ካለ ገጠር
ነሐሴ 12 ቀን 1998 ዓ.ም.

ለምወድሽ ባለቤቴ ለሠርክአዲስ፤

እንደምን ሰነበትሽ? ልጃችን መስከረምስ? እኔ ደኅና ነኝ ብዬ ልጀምር ነበር፤ ላንቺ መዋሸት ግን አልችልበትም። ጭንቅ ላይ ነኝ።

ጎርፍ ለከበባቸው ቀበሌዎች እህል ስናደርስ ሰንብተን ትናንት ሄሊኮፕተሯን እዚህ ግጦሽ ላይ አሳረፍናት። ኋላ ልንነሣ ስንል፣ ወንድምሽ ይሄይስ አብራሪው ወንበር ላይ ሆኖ ሞተሩን እንዳስነሣ እኔ እንደ ልማዴ የንዝረት መለኪያዬን ማርሽ ሳጥኑ ላይ አሰርኩ። የጤነኛ ማርሽ ንዝረት እኩል ነው። ይሄኛው ግን በዞረ ቁጥር አንድ ቦታ ላይ ይመታል። አንዱ ጥርሱ ተሰንጥቋል። ምቱም ካለፈው ሳምንት ብሷል። ያ ማርሽ አየር ላይ ከተሰበረ ከላይ ያለውን ክንፍ የሚያዞረው የለም።

ይሄይስ ዘይቱን አይቶ፣ «አያ ጌታሁን፣ የብረት ብናኝ እኮ የለውም» አለኝ። ብናኙ የሚመጣው ጥርሱ መፈርፈር ሲጀምር ነው፤ ንዝረት ቀድሞ ይናገራል። ይህን ስነግረው አመነኝ፤ መለዋወጫ እስኪመጣ ልንቀመጥ ተስማማን።

ዛሬ ጠዋት ዳኘው የሚባል ገበሬ ሚስቱን አቻምየለሽን በቃሬዛ አስይዞ መጣ። ምጥ ላይ ናት፤ ልጁ ተጋድሞባታል። ወደ ፍኖተ ሰላም የሚያሻግረውን ድልድይ ወንዙ ወስዶታል። ሌላ ሄሊኮፕተር በሬዲዮ ጠየቅሁ፤ ዛሬ የለም አሉኝ።

ዳኘው እግሬ ላይ ወደቀ። «ጌታዬ፣ ዓይንዎ እያየ ትሙት?»

ይሄይስ ወዲያው ሄሊኮፕተሯን ሊያስነሣ ሄደ። ብለምነው አልሰማ ሲለኝ፣ «በፍልሰታዋ እመቤት ገዝቼሃለሁ፣ እንዳታስነሣት!» አልኩት። የአባታችሁን ቤት ታውቂዋለሽ፤ ግዝት የሚረግጥ አልወጣበትም። ሣሩ ላይ ተቀምጦ አለቀሰ። ሠርኬ፣ እውነት ይዤ ነበር፤ ግን የዚያችን ሴት ማቃሰት መስማት አቃተኝ።

የዳኘው ዘመዶች ሮጠው ቄስ ክንፈሚካኤልን አመጧቸው።

«ልጄ፣ መሣሪያህ ዛሬ ይሰበራል አለህ?»

«ቀኑን አይናገርም፣ አባ። መታመሙን ብቻ ነው።»

«እሷ ግን እዚህ ከዋለች አትተርፍም።»

መስቀላቸውን አውጥተው ግዝቱን ፈቱት። እኔም መስቀሉን ተሳለምኩ።

አሁን ሄሊኮፕተሯ እንድትቀል ጭነቱን እያወረዱ ነው። ይሄይስ ዝቅ ብሎ ሊበር ቃል ገብቶልኛል። እኔም መለኪያዬን ታቅፌ ከኋላው እቀመጣለሁ። ምቱ ከባሰ «አሳርፍ!» እለዋለሁ፤ ማሳም ይሁን ረግረግ ያሳርፋታል። መለኪያው የሚያወጣውን የንዝረት መስመር ከእኔ በቀር የሚያነብለት የለም። ደግሞስ ወንድምሽን ብቻውን ልኬ በምን ዓይኔ አይሻለሁ?

በጣም ፈርቻለሁ። ጽሑፌ የተበላሸው ለዚህ ነው፤ እንዳትስቂብኝ።

መስከረምን ደጋግመሽ ሳሚልኝ። ትምህርቷን አደራ። እናቴንም አትርሻት። እመቤቴ በጥላዋ ትጋርዳችሁ፤ ቤታችሁን አታጉድልባችሁ።

ደብዳቤውን ሸጋዬ ለምትባል ለዚህ አገር አስተማሪ እሰጣታለሁ። ፍኖተ ሰላም በሰላም ገብተን በቀበሌው ስልክ ከደወልኩላት ትቀደዋለች። ካልደወልኩ፣ ወንዙ ሲጎድል ትልክልሻለች።

የሚወድሽ ባልሽ
ጌታሁን