ወ/ሮ እሴት አብዲሳ አልተሳሳቱም

ወ/ሮ እሴት አብዲሳ ከአባታቸው ከአቶ አብዲሳ ቶላና ከእናታቸው ከወ/ሮ ተሾመች ሰርካ በ1970 ዓ.ም. በበደሳ ከተማ ተወለዱ። አንደኛ ደረጃን እዚያው፣ ሁለተኛ ደረጃን በአሰበ ተፈሪ፣ በዛሬዋ ጭሮ፣ ተምረው በ1991 ዓ.ም. በላቦራቶሪ ሙያ በዲፕሎማ ተመረቁ፤ ሃያ አራት ዓመትም ጭሮ ላይ ደም መረመሩ። በ1996 ዓ.ም. ከአቶ ማቲዎስ ሆርዶፋ ጋር ጋብቻቸውን ፈጽመው ሲፈንንና ቦንሳን ወልደዋል።

ውጤቱ ካላማራቸው ከሌላ ፋብሪካ በመጣ መመርመሪያ ፈሳሽ ደግመው ማየት ልማዳቸው ነበር። በ2009 ዓ.ም. ሀኒፋ በድሪ የተባለች የሂርና ነጋዴ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ስትመጣ ደሟ በአንዱ ፈሳሽ አርኤች ፖዘቲቭ፣ በሌላው ኔጌቲቭ ሆነ። ወ/ሮ እሴት ሀኒፋ እንደ ኔጌቲቭ ተቆጥራ ለኔጌቲቭ እናቶች የሚሰጠውን መርፌ እንድታገኝ ጻፉ። ናሙናው የተላከለት የበላይ ላቦራቶሪ ግን አንዴ አይቶ ፖዘቲቭ ናት፣ ስህተቱ የባለሙያዋ ነው ብሎ መለሰ። መርፌው ቀረ። የሀኒፋ ሰውነት የመጀመሪያ ልጇን ፖዘቲቭ ደም እንደ ባዕድ ቆጥሮ መከላከያ አበጀ፤ ሁለተኛው ልጇ በሰባት ወሩ ሆዷ ውስጥ ሞተ። ወ/ሮ እሴት ደግሞ የበላይን ውጤት ተጠራጥረዋል ተብለው የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሳቸው። ይህን ስንጽፍ ዛሬም ያንገበግበናል።

እሳቸው ግን አልተዉም። ከሂርና እስከ በደሳ ተዘዋውረው፣ ደማቸው እንዲህ የሚያወላውል አርባ ሰባት ሰዎችን እያስፈቀዱ ናሙና ሰበሰቡ፤ በ2014 ዓ.ም. ለዘረመል ቅደም ተከተል ምርመራ ላኩ። ሀኒፋን ጨምሮ ሠላሳ አንዱ የደም ዓይነትን በሚወስነው ዘረመል ላይ ልዩነት ተገኘባቸው፤ ደማቸውን በአንዱ ፈሳሽ ፖዘቲቭ፣ በሌላው ኔጌቲቭ የሚያስመስለውም ይኸው ነበር። ላቦራቶሪዎች ፖዘቲቭና ኔጌቲቭን የሚለዩበት ደረጃ ሲወጣ የእኛን አገር ሰው ደም ዞር ብሎ ያየው አልነበረም። ደረጃው በእሳቸው ናሙና ተሻሻለ፤ ስማቸው ግን የትም አልተጻፈም። ማስጠንቀቂያውም ከማኅደራቸው አልወጣም።

ሁለት ዓመት በኩላሊት ሕመም ሲሰቃዩ ስለ ስማቸው አንዴም አላነሡም። የለመኑት ፖዘቲቭ የሚለው የሀኒፋ የደም ዓይነት ካርድ እንዲታረምላቸው ነበር፤ ካርዱን አምኖ ፖዘቲቭ ደም የሚሰጣት ቢኖር ሕይወቷ ያልፋልና። ሦስት ማመልከቻ ጻፉ፤ ሦስቴም ኮሚቴ ያየዋል ተባሉ።

ሰኔ 11 ቀን 2017 ዓ.ም. በ47 ዓመታቸው ወደ ጌታቸው ሄዱ። እናታቸውን፣ ባለቤታቸውንና ሁለት ልጆቻቸውን ትተዋል። ሀኒፋም ዛሬ ከእኛ ጋር ቆማ ታለቅሳለች፤ የያዘችው ካርድ አሁንም ፖዘቲቭ ይላል።

ጌታ የእህታችንን ነፍስ በእቅፉ ያሳርፍ። ያንን ካርድ ማረም የሚችል ሰው ግን እስኪያርመው ድረስ እንቅልፍ አይውሰደው።