ገና ላይ ለወደቀው ኳስ ተጫዋች ባሌ

ሞላዬ፣ የቤቴ ጌታ፣

ከተለየኸኝ ዛሬ ሠላሳ ስድስት ቀን ሆነ። በሰው ፊት «አንቱ» እያልሁህ ኖሬያለሁ፤ ባል በሰው ፊት አይቀልምና። ሁለታችን ብቻ ስንሆን ግን «አንተ» ነበርህ፤ ዛሬም እንደዚያው ልጥራህ፣ የሚሰማን የለም።

መጀመሪያ የቤቱን ላውራህ። ጓያውን ወንድምህ ዘርቶታል። ጤፉ ደርሶ ቆሟል፤ ከተዝካርህ በኋላ ደቦ ይወጣል ብለዋል። ውሃው ከሜዳው ሸሽቶ ርብ ወንዝም ወደ ቦታው ገብቷል። የወባ ሰዎችም መጡልህ! ግድግዳውን ሁሉ ረጭተው፣ በሩ ላይ በቀለም ቁጥር ጽፈው ሄዱ። ክረምቱን ሙሉ ስንጠብቃቸው ከርመን፣ አንተን ከቀበርን በሦስተኛው ሳምንት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው። በሩ ላይ ያለውን ቁጥር ባየሁ ቁጥር በጥፍሬ ልፍቀው ያምረኛል።

ለቅሶህ ላይ የሆነውን ግን ለማንም አልተናገርሁም። አልቃሿ እርሻህን አነሳች፣ ለጋስነትህን አነሳች፣ የተጣላ ማስታረቅህን አነሳች። እኔ ደረቴን እየደቃሁ አሁን ጎንደርን ታነሳለች፣ አሁን እግሩን ታነሳለች እያልሁ ጠበቅሁ። ዘለለችው። ሰው እንዳይስቅ አስባልህ ነው የዘለለችው፤ ክፋት የላትም። ሞላዬ፣ ይህ አገር ውሸታም አድርጎ ነው የቀበረህ።

እኔ ግን አይቼሃለሁ። ጎንደር ከአንድ መሥሪያ ቤት በዘበኝነት ተቀጥረህ ለመሥሪያ ቤቱ ቡድን ስትጫወት፣ ለጥምቀት ወጥቼ አይቼሃለሁ። ቁምጣ ለብሰህ ሜዳው ላይ ብቅ ስትል በነጠላዬ ፊቴን ሸፈንሁ። የመሪጌታ ልጅ የባሏን ጭን አገር ሁሉ ሲያየው ምን ትሁን! ኳሷ እግርህ ስትደርስ ግን ነጠላውን ገለጥሁት። በግራ ሲጠብቁህ በቀኝ፣ በቀኝ ሲጠብቁህ በግራ እያለፍህ ስትሄድ፣ ያ ሁሉ ሰው «ሞላ! ሞላ!» ሲል፣ አጠገቤ የቆመችውን የማላውቃትን ሴት ክንዷን ይዤ «ባሌ ነው» አልኋት። ትን እስኪለኝ ሳቅሁ፤ ወዲያው ደግሞ አለቀስሁ።

ከዚያ ጉልበትህ ተመታ። ሐኪሙ በፋሻ ጠቅልሎ ዕረፍት አዘዘህ፤ አንተ ግን ቦታህን የሚጠብቅ ወጣት ነበረና ሳይድን ተመለስህ። እንደገና አበጠ። «ሠላሳ ሁለት ዓመት ለገበሬ ጉልምስና ነው፣ ለኳስ ግን ሽምግልና ነው» ብለህ ጻፍህልኝ። ያን ደብዳቤ ለማንም አላስነበብሁም። አባቴ ፊደል ያስቆጠረኝ ያንተን ደብዳቤ ሌላ ሰው እንዳያነብልኝ ብዬ ለምኜው ነበር፤ ያን ቀን ባልተማርሁ ብዬ ተመኘሁ።

ወዳገራችን ወረታ ስትመለስ ለሰው «አባቴን በእርሻ ላግዝ መጣሁ» አልህ። ፋሻውን ጧት ጧት አልጋው ጫፍ ተቀምጠህ ስትጠቀልል የማይህ እኔ ብቻ ነበርሁ። በሱሪህ ውስጥ ደብቀኸው ቀጥ ብለህ ትሄዳለህ፤ ሲመሽ ትፈታውና ጥርስህን ትነክሳለህ።

በዚያው ዓመት ገና ደረሰ። ላይ ቤትና የእኛ መንደር ታች ቤት በገና ጨዋታ ሊጋጠሙ ነው። የታች ቤቱ አለቃ አያ ደምሌ ከደጃችን ቆመው፣ «ምነው፣ ጎንደር የሮጠ እግር ላገሩ ልጅ ሳሳ እንዴ?» አሉ። እኔ ነኝ ደሜ የፈላው። «ሂድ፣ አታሰድበኝ» ብዬ የነዘነዝሁህ እኔ ነኝ። «በፋሻ አስሬው ቀስ እያልሁ እጫወታለሁ» አልህና እሺ አልኸኝ።

እስካሁን ያልነገርሁህን ልንገርህ። የገና ዕለት የለበስኸው ሱሪ ጠባብ ነበር፤ ፋሻው ከላይ አብጦ ይታያል። ላይ ቤቶች «አንካሳ አሰለፉ» እንዳይሉ ፈራሁ። አንተ ፊትህን ልትታጠብ ስትወጣ ፋሻውን ከራስጌህ አንስቼ ሽንብራው ስልቻ ውስጥ ወሸቅሁት። ተመልሰህ ፈለግህ፤ እኔም አብሬህ ፈለግሁ። ቁርበቱን እያነሳሁ፣ ከአልጋው ስር እየጎነበስሁ አብሬህ ፈለግሁ! ከውጭ ሲጠሩህ ጊዜ ያለ ፋሻ ወጣህ።

ታኅሣሥ ላይ የፎገራ መሬት እንዴት እንደሚሰነጠቅ ታውቃለህ። ሩሯን፣ ያችን የገና ኳስ፣ በዱላህ ይዘህ ሁለት ሰው አለፍህ፤ ሦስተኛው ጋ ሳትደርስ እግርህ ስንጥቁ ውስጥ ገባ። ማንም አልነካህም። ተነሳህ፣ ደግመህ ወደቅህ። ላይ ቤቶች እዚያው ግጥም አወረዱብህ፦

የጎንደሩ ጀግና የተባለው ሞላ
ሩር ነክቶ ወደቀ ሳይነሳበት ዱላ።

በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ነውና ሰበብ ማቅረብም ነውር ነው። ከመሬት ሆነህ አብረሃቸው ሳቅህ። ወጌሻው ቅቤ ቀብቶ ጎተተህ፣ አሸህ፣ ጉልበትህም እንደ ደረቀ ቀረ። ግጥሙን ግን ዘጠኝ ገና ዘፈኑት። ያን ጊዜ ያልተወለዱት ሁሉ ያውቁታል። ጎንደር ሄዶ ያየህ ስለሌለ፣ ያ አንድ ሩጫ ያንተን ዕድሜ ሙሉ በላው። «የጎንደሩ ኳስ ጠላ ሲጠጣ የፈጠረው ወሬ ነው» ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ ሰምቼም ማድጋዬን ተሸክሜ አልፌያለሁ። አንዲት ቃል ብተነፍስ ይበቃ ነበር። ዛሬ ነገ እያልሁ ዘጠኝ ዓመት ተኛሁበት።

በመጨረሻው ቀን የወባው ንዳድ ሲያነድህ ዓይንህን ገልጠህ፣ «ጥሩነሽ፣ ፋሻውን ከሽንብራው ስልቻ አውጪና እሰሪልኝ፣ እየጠበቁኝ ነው» አልኸኝ።

ታውቅ ነበር! ያን ሁሉ ዘመን ታውቅ ነበር! ምነው አንድ ቀን በሰደብኸኝ፣ ምነው በዚያ ዱላ ጀርባዬን ባልኸኝ! ፋሻው ከበሰበሰ ቆይቷል፤ መቀነቴን ፈትቼ ጉልበትህን አሰርሁልህ። «ጠበቅ አድርጊው» አልኸኝ። ጠበቅ አደረግሁት። ከዚያ ወዲያ አልተናገርህም። ይኸው ሠላሳ ስድስት ቀን የምገባበት ጠፍቶኛል።

የዛሬ አራት ቀን ተዝካርህ ነው። ጠላው ተጠንስሷል፣ ካህናቱ ተነግሯቸዋል፣ ላይ ቤትም ታች ቤትም ይመጣል። በልተው ጠጥተው «ነፍሱን ይማር» ብለው ሊነሱ ሲሉ እቆማለሁ። ሴት በካህናትና በሽማግሌ ፊት እንዲህ ያለ ነገር ስትናገር ታይታ አታውቅም፤ አባቴ አንገቱን ይደፋል፣ ወንድምህም ከቤቱ ያስወጣኝ ይሆናል። እንደፈለጉ። ጎንደር ያየሁትን እነግራቸዋለሁ፣ ፋሻውን ማን እንደ ደበቀው እነግራቸዋለሁ። ለመጪው ገና ግጥም ከፈለጉ ስሜ ጥሩነሽ ነው፤ በእኔ ይግጠሙ። አላምንሽም ካሉኝ በሙት ዓመትህ እደግመዋለሁ፣ በሰባት ዓመትህም እደግመዋለሁ። አንተን ሳላነሳ የሚያልፍ ገና አይኖርም።

ይቅር በለኝ አልልህም፣ ሞላዬ። ዘጠኝ ዓመት ይቅር ብለኸኝ ስትኖር አላወቅሁም ነበር፤ አሁን ማወቄ ነው የገደለኝ።

ሚስትህ ጥሩነሽ