የአራተኛ ፎቅ መስመር

እሑድ፣ የካቲት 2። ረፋድ 4፡10

ከ37 ጥያቄ 14 ስህተት። አሥራ አራት! በዚህ ጭንቅላት ነው እንግዲህ ቢዝነስ ት/ቤት የሚገባው። 39 ዓመቴ ነው። ከጅቡቲ ስንት ኮንቴይነር አስገብቻለሁ፣ አንድ ሰነድ ተሳስቼ አላውቅም። ሁለት ባቡር ተነሥተው የት እንደሚገናኙ ግን ጠፋኝ። ባይገናኙስ ምን ቸገራቸው?

ደብተሬ፣ ቢሮ ነኝ። ሕንፃው ባዶ ነው። መርካቶ እንዲህ ዝም የሚለው እሑድ ብቻ ነው፣ ዝምታውም ደስ አይልም። ቤት ማጥናት አልተቻለም፤ አንድ ክፍል፣ ሁለት ልጅ፣ የጎረቤት ቴሌቪዥን። እዚህ ኮምፒውተር አለ፣ ኢንተርኔት አለ፣ መብራት አለ።

መብራቱ የስርቆት ነው። በሕንፃችን ደንብ ሱቅ ሲዘጋ ዋናው ማብሪያ ማጥፊያ ይወርዳል፤ እሑድ ቀኑን ሙሉ አይበራም። ጎረቤት ሕንፃ ከተቃጠለ ወዲህ ኮሚቴው ያወጣው ደንብ ነው። የሚያወርዱት ጥበቃው ጋሽ ወልዴ ናቸው፤ አውርደውም ተመልሰው ያያሉ። እኔ ለመንኳቸው። የ4ኛ ፎቅን መስመር ብቻ ይተዉልኝ፣ እስክፈተን ድረስ። ሦስት ቀን እምቢ አሉ። በአራተኛው "ለትምህርት ከሆነማ" አሉ። እሳቸው 4ኛ ክፍል ላይ ነው ያቋረጡት።

ፈተናው የካቲት 22። ሃያ ቀን ቀረኝ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 4። ምሳ ሰዓት

ጋሽ ጀማል እሺ አሉ! አለቃዬ ናቸው፣ የሕንፃው ኮሚቴ ሰብሳቢም እሳቸው። ት/ቤቱ ከፈተናው ውጤት ጋር የአለቃ የድጋፍ ደብዳቤ ይፈልጋል፤ ያለ ደብዳቤው ውጤቱ ብቻውን ከንቱ ነው። ተምረሽ ስትመለሺ የኔን ወንበር ነው የምትወስጂው ብለው ሳቁ። እሑድ የት እንደማጠና አልጠየቁም። አልነገርኳቸውም።

ከቢሮዬ ግድግዳ ወዲያ የእትዬ ዘነበች መጋዘን ነው፤ የፍራሽ ስፖንጅና ትራስ። ዛሬም ቆሎ ይዘውልኝ መጡ። "ተማሪዋ" ነው የሚሉኝ። እሑድ በጨለማ እንዴት ታነቢያለሽ ብለው ሲያዝኑልኝ፣ ኧረ መስመሩ አይጠፋብኝም አልኩ። ኮራ ብዬ! ግንባሬን ሳሙኝ።

እሑድ፣ የካቲት 9። ረፋድ 5፡00

ስህተት 9። እሰይ።

"መረጃው ይበቃል ወይስ አይበቃም" የሚሉት ጥያቄዎች ላይ አንደኛ ሆኛለሁ። መልሱን አትሠሪም። የተሰጠሽ ነገር ለመልስ ይበቃ እንደሆነ ብቻ ነው የምትይው። ደስ ይላል፣ ማንም አያስጨርስሽም።

ግድግዳው ያጉረመርማል። ከጧት ጀምሮ። እም... ቀጥ። እም... ቀጥ። ጆሮዬን ለጠፍኩ። የማሽን ነገር ነው። አንድ ጊዜ ደግሞ ሳል ሰማሁ፣ የሰው ሳል።

ወጥቼ የመጋዘኑን በር አየሁ። ጓጉንቸሩ ከውጭ ተቆልፏል። ከውጭ የተቆለፈ ቤት ውስጥ ማን ይስላል? ኮሪደሩ የተቃጠለ ላስቲክ ይሸታል፤ ትንሽ፣ የድስት እጀታ እሳት ሲነካው ዓይነት። ወርጄ ጋሽ ወልዴን ጠየቅኳቸው። አይጥ ይሆናል አሉ። ሲናገሩ አላዩኝም።

መረጃው አይበቃም አልኩና ተመልሼ ተቀመጥኩ።

ሐሙስ፣ የካቲት 13

አይጥ አይደለም። ሦስት ሴቶች ናቸው።

ጋሽ ወልዴ ደረጃ ላይ ያዙኝና ራሳቸው ተናዘዙ። እትዬ ዘነበች ከክፍለ ሀገር ትልቅ የትራስ ትእዛዝ አላቸው። እሑድ በጧት ሠራተኞቹን አስገብተው ትራስ በላስቲክ ያሳሽጋሉ፣ ላስቲኩን አግሎ በሚያጣብቅ ማሽን። ዝግ እንዲመስል ከውጭ ቆልፈው ይሄዳሉ፤ 10 ሰዓት ላይ መጥተው ይከፍታሉ። ጋሽ ወልዴ ሊከለክሉ ሞክረው ነበር። "ለሰናይት የፈቀድከውን ለእኔ ልትነፍግ ነው?" አሏቸው፣ የእኔን ስም ጠርተው። ምን ይበሉ?

ስፖንጅ! ከወለል እስከ ጣሪያ ስፖንጅ!

እትዬ ዘነበችን አነጋገርኩ። አልተቆጡም፣ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ጉንጬን ዳሰስ አድርገው፣ ሁለት እሑድ ብቻ ነው የቀረው አሉ። ቀጥለው፣ "ብትናገሪ መስመሩን ይቆርጡታል። የት ልታጠኚ ነው የኔ ልጅ?" ለኔ አዝነው ነው የጠየቁኝ፣ ከልባቸው።

አልተናገርኩም። ዘጠኝ ቀን ነው የቀረኝ። ዘጠኝ ቀን ምን ይፈጠራል?

እሑድ፣ የካቲት 16። ጧት 3፡20

ዛሬ ቅበላ ነው፣ ሰው ሁሉ ሥጋ ገዝቶ ቤቱ ገብቷል። እኔ ሙሉ የሙከራ ፈተና፣ በሰዓት፣ እንደ እውነቱ። ግድግዳው ጀምሯል። ጥጥ ጆሮዬ ውስጥ ከትቻለሁ። መብራቱ አንዴ ብልጭ ብሎ ተመለሰ። ሶኬቱን ነካሁት፣ ይሞቃል። ብቻ ጀመርኩ።

ያው ቀን። 9 ሰዓት

በቅደም ተከተል ልጻፈው፣ አለዚያ ነገ አሳምሬ ነው የማስታውሰው።

የመጨረሻው ክፍል ላይ ነበርኩ። ግድግዳው ተመታ። በመዳፍ። ቀጥሎ በቡጢ፣ በብዙ እጅ። ጥጡን አልፎ ሰማሁት። ሰዓቱን አየሁ፤ 4 ደቂቃ ይቀረዋል፣ ሦስት ጥያቄ።

ጨረስኳቸው።

ደብተሬ፣ ለሌላ ሰው አልነግርም። ሦስቱንም ሠራሁ፣ "አስገባ" የሚለውን ተጫንኩ፣ ከዚያ ነው የተነሣሁት። ኮሪደሩ ላይ ጢስ በበሩ ሥር እየወጣ ነው። አራት ፎቅ በሩጫ ወረድኩ። ማብሪያ ማጥፊያውን ራሴ ጎተትኩት። ጋሽ ወልዴ ፊቴን ብቻ አይተው ፌሮ አንሥተው ወደ ላይ ሮጡ፣ በዚያ ዕድሜያቸው።

ቁልፉ እትዬ ዘነበች ጋ ነው፣ እሳቸው ቅበላ ላይ፣ ኮልፌ። ስልክ አያነሡም። ጋሽ ወልዴ ጓጉንቸሩን በስንተኛው ምት እንደሰበሩት አላውቅም። ሴቶቹ እየተሳሳሉ ወጡ። የማሽኑ ሶኬት ቀልጦ አንድ እስር ስፖንጅ ተያይዞ ነበር፤ በመጠጥ ውሃቸው፣ በአንዲት ጀሪካን፣ አጥፍተውታል። ወርቄ የምትባለዋ በእጇ ጭምር ነው ያጠፋችው። መዳፏ ተልጧል። ሐኪም ቤት ወሰድኳት። መንገድ ላይ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ነው፤ "እህቴ፣ አንቺ እዚያ ወዲያ ነበርሽ እንዴ?"

አሁን ገባሁ አልኳት።

ተመልሼ ውጤቱን በስልኬ አየሁ። ከሠራኋቸው ሁሉ የሚበልጠው ነው።

ማክሰኞ፣ የካቲት 18። ከሰዓት

ኮሚቴው ተሰበሰበ። ቃለ ጉባኤ የምይዘው እንደ ሁልጊዜው እኔ ነኝ።

እትዬ ዘነበች አለቀሱ፤ መስመሩ ክፍት ስለነበር የተፈቀደ መስሏቸው ነው። ሴቶቹ አልተጠሩም። ጋሽ ጀማል ጋሽ ወልዴን ጠየቁ፤ መስመሩን ማን ተው አለህ? ጋሽ ወልዴ ቆባቸውን በእጃቸው እያሹ "ረስቼው ነው" አሉ። አንዴም ወደ እኔ አልዞሩም። እትዬ ዘነበች ግን አዩኝ። በረጅሙ።

ጻፍኩ። "ጥበቃው በራሱ ቸልተኝነት የ4ኛ ፎቅን መስመር ክፍት መተዉን አምኗል።" በዚህ እጅ፣ በቆንጆ ጽሑፍ። ውሳኔ፦ ከሥራ ይሰናበት። አሥራ ሰባት ዓመት በዚያ በር ላይ ቆመው! ለእትዬ ዘነበች ማስጠንቀቂያ።

ሲበተን ጋሽ ጀማል ጠሩኝ። ደብዳቤሽ ተዘጋጅቷል፤ ነገ ቃለ ጉባኤውን ስታመጪ አብሬ እፈርምልሻለሁ አሉ። አመሰገንኩ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ አመሰገንኩ።

ጋሽ ወልዴን በር ላይ አገኘኋቸው፣ ካፖርታቸውን ሲያጣጥፉ። ለምን? አልኳቸው።

"አንቺ ትንሽ ነው የቀረሽ። እኔማ ጨርሻለሁ፣ ልጄ።"

ምነው በሰደቡኝ።

ረቡዕ፣ የካቲት 19። ጧት 2፡15

አልተኛሁም። የማስበው ጋሽ ወልዴን እንኳ አይደለም። ያን አራት ደቂቃ ነው። ጋሽ ወልዴ ስለ መስመሩ ያውቃሉ፣ እትዬ ዘነበችም ያውቃሉ። አራቱን ደቂቃ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ምንም እንዳልተፈጠረ ዝም ብዬ ባልፍ ት/ቤት እገባለሁ፣ እመረቃለሁ፣ ያን ወንበር እይዛለሁ። ከዚያ ሌላ ግድግዳ ይመታል። ስንት ደቂቃ ልቆይ ነው ያኔ?

ባሌን ጧት አማከርኩት። ልጆቹን አስቢ አለ። አስቤያለሁ። ወርቄም ልጆች አሏት፣ ትናንት ፋሻዋን ላስቀይራት ስሄድ አይቻቸዋለሁ።

ቢሮ ነኝ። ኮሪደሩ ዛሬም ይሸታል፣ ግድግዳው ግን ዝም ብሏል። ቃለ ጉባኤውን ተየብኩ። ሰው ያለውን ሁሉ እንዳለው ተውኩት፣ የጋሽ ወልዴን "ረስቼው ነው"ም ጭምር። ከሥሩ አንድ አንቀጽ ጨመርኩ፦

"የጸሐፊዋ ቃል። ጥበቃው አልረሱም። መስመሩ እሑድ እንዳይጠፋ የለመንኳቸው እኔ ነኝ፤ መኖሩን ለእትዬ ዘነበች የነገርኩም እኔ ነኝ። ውስጥ ሰው እንዳለ ከሐሙስ ጀምሮ አውቅ ነበር። ግድግዳው ሲመታ ሰምቼ አራት ደቂቃ ቆይቻለሁ። መሰናበት ያለበት ሰው ካለ እኔ ነኝ።"

ሁለት ኮፒ። ፈረምኩ። ጋሽ ጀማል ገቡ፣ የበራቸው ድምፅ ነው። ደብዳቤዬ ጠረጴዛቸው ላይ ሳይፈረም አለ።

ልግባ።