ዳገቱ ላይ ያልነገርኩህ

ውድ አባዬ፣

ደብዳቤ የሚጀመረው ጤና በመጠየቅ ነው ብለህ ያስተማርከኝ አንተ ነህ። ያንተን ጤና መጠየቅ ካቆምን አምስት ወር አልፎናልና የመኪናውን ልንገርህ፤ እሱ ደህና ነው። እኔ ግን ደህና አይደለሁም።

ይህን የምጽፈው እሱው ውስጥ ተቀምጬ፣ እናንተ ቤት በር ላይ አቁሜው ነው። የኔ ቁልፍ ስለጠፋብኝ ካለፈው ወር ጀምሮ የምይዘው ያንተን ነው። ይህ መኪና ደግሞ ሰው የሚለየው በቁልፉ ነው። ጠዋት በሩን ስከፍት ወንበሩ እዝዝዝ እያለ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ለረጅም እግርህ ቦታ ይለቅልሃል። ስፖኪዮውም ባንተ ዓይን ልክ ቀና ይላል። የመጀመሪያው ቀን እንደ እብድ ጮኼ ነበር። አሁን በሩን ይዤ፣ ተደላድለህ እስክትቀመጥ የምጠብቅህ ይመስል ዝም ብዬ እቆማለሁ። ያንቺን ልክ መዝግቢበትና ተገላገዪ ይሉኛል፤ እጄ እምቢ ይላል።

የገዛሁት ቀን ትዝ ይለኛል። አርባ ዓመት ሙሉ የካቻቢቴ ጫፍ ሞተር ላይ፣ እጀታውን ጆሮህ ላይ አድርገህ በሽታውን የምታውቅ ሰው፣ ጋራዡ ሁሉ "ዶክተሩ" የሚልህ ሰው፣ ማስነሻውን ተጭነህ ምንም ድምፅ ሲጠፋ፣ "ይሄማ አልተነሳም" ብለህ ወርደህ ኮፈኑን ከፈትክ።

"ተነስቷል አባዬ። አሁን በባትሪ ነው፤ ሲደክመው ቤንዚኑ ያግዘዋል።"

"ግማሽ በግማሽ የሆነ ነገር አልወድም" አልከኝ። በወሩ ግን ደላላው ሆነህ አረፍከው። ጎረቤቱን እየጠራህ ከኋላ የሚታጠፉትን ሁለት ወንበሮች ዘርግተህ፣ "ሰባት ሰው! ሳይጨናነቅ!" ትላለህ። እግርህን ከሥሩ ስታወዛውዝ የሚከፈተውን የኋላ በር አምስት ጊዜ ታስከፍተዋለህ። ከጎን መኪና ሲመጣ ስፖኪዮው ላይ የምትበራዋን ትንሽ መብራት ታወድሳለህ። መስመር ስትስት መሪው እጅህ ውስጥ መንቀጥቀጡን፣ ወደ ኋላ ስትሄድ ካሜራው መሬቱን ማሳየቱን ትተርካለህ። "ደሞዝ ይከፍሉሃል እንዴ?" እያልኩ እቀልድብህ ነበር።

ከሁሉ አብልጠህ የወደድከው ግን ቀስቶቹን ነው። መሀል ላይ ያለው ስክሪን ኃይሉ ከየት እንደሚመጣ ያሳያል፤ ከባትሪ ሲሆን አረንጓዴ ቀስት፣ ከቤንዚኑ ሲሆን ብርቱካናማ። እሱን ማንም እንዲያጠፋብህ አትፈልግም። ሙዚቃ ልመርጥ እጄን ስሰድ እንኳ "ተዪው፣ ተዪው" ትለኝ ነበር።

ያን ቅዳሜ መንገዱ ስለጠፋብኝ ካርታውን ከፈትኩና ቀስቶችህ ጠፉ። አንተ ከጎኔ ነበርክ፣ ልጄ ከኋላ። ዳገቱን ስንያያዘው ቤንዚኑ ተነሳና መኪናው አጓራ፤ ወለሉ ሁሉ ድምፅ ሆነ። አንተ ፈገግ ብለህ ወደ ውጭ እያየህ፣ "ዝምታውን ተመልከቺልኝ! ይህን ዳገት በባትሪ ብቻ!" አልክ።

ፊትህን አየሁ፤ እየቀለድክ አልነበረም።

ልጄ ከኋላ፣ "ኧረ አባባ፣ እየጮኸ ነው እኮ!" አለች። አልዞርክም። እኔ ግን ዞሬ ጣቴን አፌ ላይ አድርጌ፣ አይታ በማታውቀው ዓይን አፈጠጥኩባት። ቀጥዬ ካርታውን ዘግቼ ቀስቶቹን መለስኩልህ። ብርቱካናማው እስከ ጫፍ ድረስ ተወጥሮ ነበር። አየኸው፤ ከዚያ እጆችህን አየህ። "ለካ ተነስቷል" አልክ በቀስታ።

ያኔ ነው የገባኝ። የምትወዳቸው ሁሉ ለዓይንና ለእጅ የሚናገሩ ነገሮች ነበሩ። መብራቷ፣ የሚንቀጠቀጠው መሪ፣ ካሜራው፣ ቀስቶቹ። መኪናውን የወደድከው ዝም ስለሚል ነው፤ ዝም የሚል መኪና ውስጥ ማን እንደማይሰማ አይታወቅም።

እኔም ዝም አልኩ። አክብሬህ ነው ብዬ ራሴን አሞኘሁ። ጆሮው ለከዳው መካኒክ ማን መኪናውን ይሰጠዋል? አንተ ጋራዡን ብትተው በሁለተኛው ቀን አልጋ የምትይዝ ሰው ነህ። እውነቱን ልንገርህ ግን አባዬ፣ ፈርቼ ነው። ያንተን ፊት ፈርቼ ነው። "ሐኪም ዘንድ እንሂድ" ማለት ምን ያህል ይከብዳል? እኔን ከበደኝ።

አንድ ወር እንኳ አልሞላም። ጋራዡ ግቢ ውስጥ ጀርባህን ሰጥተህ ጎንበስ ብለህ ሳለ ያ የጭነት መኪና ወደ ኋላ መጣ። ጎሚስታው እያለቀሰ ነው የነገረኝ፤ "ክላክሱን ደጋግሞ ነፋው፤ እኛም ጮህን፤ ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል" አለኝ። ለቀስተኛው "ቀኑ ደርሶ ነው" አለና ተጽናና። እማዬ ግን አልተጽናናችም።

"ጠዋት ከኩሽና ሦስቴ ጠራሁት" ትላለች። "አቤት እንኳ ሳይለኝ ወጣ። ማታ 'በዚህ ዕድሜህ ሥራው ይብቃህ' ስላልኩት አኩርፎ ነው። ክላክሱንም ሰምቶታል። ሰምቶ ነው ያልተነሳው። እኔ ነኝ የገደልኩት።"

አምስት ወር ሙሉ ይህንን ስትል እጇን ይዤ "ተዪ እማዬ" ከማለት በቀር አንዲት ቃል አልወጣኝም። አኩርፈህ እንዳልነበር አውቃለሁ። ይህን የማውቅ እኔ ብቻ እንደሆንኩም ይመስለኝ ነበር።

ትናንት ልጄን ከትምህርት ቤት ስመልሳት ከኋላ ወንበር፣ "እማዬ፣ የሰማሁትን ብናገር ትቆጪኛለሽ?" አለችኝ።

"ምን ሰማሽ?"

"ከኔ በታች ቀጭ፣ ቀጭ ይላል። ስትፈጥኚ ይፈጥናል።"

ዳር ይዤ ወረድኩ። የኋላው ቀኝ ጎማ ላይ የአውራ ጣቴን ጥፍር የሚያህል የሚስማር ራስ ተሰክቶ እያብለጨለጨ ነው። እኔ አልሰማሁትም። ጆሮዋ ያንተ ነው አባዬ፣ የድሮው ያንተ።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ከሰኞ።"

"ታዲያ አራት ቀን ሙሉ ለምን አልነገርሽኝም?"

"ዝም በይ ብለሽኛላ" አለች። "ያኔ፣ ዳገቱ ላይ።"

ከጎኗ ገብቼ ተቀመጥኩ። ጥፋቱ የሷ እንዳልሆነ ልነግራት፣ "አባባ ጆሮው..." ስል ቀደመችኝ።

"አውቃለሁ። ለዚህ እኮ ነበር ሁልጊዜ ፊት ለፊቱ ቆሜ የማወራው። ያን ቀን ረስቼ ከኋላ ተናገርኩ። 'እማዬ፣ አባባ አይሰማም' ልልሽ ስል ጣትሽን አፍሽ ላይ አደረግሽ።"

የሰባት ዓመት ልጅ ናት። እኛ ትልልቆቹ ዝምታውን ስንከባከብ እሷ መፍትሔውን አግኝታ ነበር።

ሌሊቱን አልተኛሁም። ጠዋት በሩን ስከፍት ወንበርህ እንደ ልማዱ ወደ ኋላ ሸሸልህ። ዛሬ አልቆምኩም፤ ባንተ ልክ ተቀምጬ፣ እግሬ ፔዳሉ ጋ ለመድረስ እየተንጠራራ እዚህ ድረስ ነዳሁ። ልክህን አላጠፋውም። ከጎኑ ግን ልክ የሚመዘገብበት ሌላ ቁጥር አለ፤ የኔን እዚያ እመዘግባለሁ።

ለእማዬ ልነግራት ነው። አንተ የደበቅከውን፣ እኔም አይቼ የደበቅኩትን። ስምህን ማጋለጥ ከሆነ ይቅር በለኝ። "ዶክተሩ ደንቁሮ ነበር" ይበሉ፤ ሚስትህ አኩርፎኝ ሞተ ብላ ከምታረጅ ይሻላል። እኔን ይቅር ማለቷን እንጃ። እሱንም ከሷው አፍ እሰማለሁ።

የመኪናውን ድምፅ ሳትሰማ በመስኮት አይታኝ ነው መሰለኝ በረንዳው ላይ ወጥታለች። እየጠራችኝ ነው።

አሁን ሦስተኛ ጥሪዋ ነው። ልሂድና አቤት ልበላት።

ልጅህ