ተመለሰች ብዬ አነበብኩላቸው

ልጅ ሆኜ የወለድኩሽ፣ አብረሽኝ ያደግሽ ሃሌሉያዬ፣ የቁልቢው ገብርኤል ስትወጪ ስትገቢ ይከተልሽ። እኛ ደህና ነን፣ የድሬዳዋ፣ የሰፈራችን የሳቢያን ሙቀት ግን አልቻልነውም።

ያ አስራ አንድ ልጆች ያሉበት ቤት ታሪክ፣ አንቺ ሳትሄጂ አብረን እያነበብን ሆዳችንን ይዘን የሳቅንበት መጽሐፍ፣ ሁለተኛው ክፍል ወጥቶ ታይዋን ገበያ አገኘሁት። ፋብሪካው ውስጥ አብረውኝ የሚያጸዱት ሴቶች ማንበብ ስለማይችሉ፣ እንደ በፊቱ በምሳ ሰዓት አንቺ ባስተማርሽኝ ፊደል እየተንተባተብኩ አነብላቸዋለሁ። እና ልጄ፣ ያቺ ሁሉን የምታስቀው ሦስተኛዋ ልጅ ቤይሩት ሥራ ሄዳ እዚያው ሞተች ይላል። አፌ እምቢ አለኝ፣ ደንግጬ "ተመለሰች" ብዬ አነበብኩ። እልል አሉ! አሁን መጽሐፉ የሷ ለቅሶ ላይ ነው፣ እኔ ገጹን እያየሁ በየቀኑ ከራሴ ፈጥሬ አወራለሁ፣ የማወራውም አለቀብኝ። ከሴቶቹ አንዷ አሚራ ደግሞ "አቦ፣ ይቺ ልጅ ከመጣች ትተኛለች ብቻ፣ ቀልዷን ቤይሩት ጥላው መጣች እንዴ?" ብላ ታስቃቸዋለች። እውነቱን ልንገራቸው እልና ገጹን እገለብጠዋለሁ፣ አንቺም እዚያው ቤይሩት ነሽ፣ ድምፅሽን ከሰማሁም ወር አለፈኝ።

ክፉ አይንካሽ፣ ያሠሪዎችሽን ልብ ያራራልሽ። እባክሽ ልጄ፣ ስልክ ሲሰጡሽ ምን እንደበላሽ፣ ምን እንዳሳቀሽ ጻፊልኝ፣ በመጽሐፉ ልጅ ስም አነብላቸዋለሁ። የሚያስቅ ከሌለም ዝም ብለሽ ጻፊልኝ፣ እኔ አስቄ አነበዋለሁ።

እናትሽ ዲና